ሠላሳ አንደኛው ቀን

«አባዬ፣ ዛሬ እኮ ሠላሳ አንድ ነው። ሻንጣህን በሩ አጠገብ አድርጌልሃለሁ።»

የታናሽ እህቷ ድምፅ ነው፤ የልብስ ሰፊዋ። ቤተሰቦቿ ማስመሪያ ብለው የሚጠሯት ሴት በሩን ልታንኳኳ ያነሳችው እጇ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። በሩ ቆርቆሮ ስለሆነ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ደጅ ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ መቀሱ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እንኳ ይሰማል። «አውቃለሁ ልጄ» አሉ አባቷ። «ወደ ወንድምሽ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ቀድሜ ብደርስ አይገርፈኝ።» እህቷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «ሌላ ጊዜ ቢሆን ምን ቸገረኝ? አርባ ዩኒፎርም ዛሬ መቆረጥ አለበት። አልጋህን ካላጠፍኩት ጨርቁን የምዘረጋበት የለኝም።» «ምን ታስረጂኛለሽ? ዛሬ የማንም ቀን አይደለም» አሉ አባቷ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ሆነው።

ማስመሪያ የመጣችው የአባቷን የደም ግፊት ክኒን ለማድረስ ነበር። መግባት ትችል ነበር። ከገባች ግን «ወደ እኔ ቤት ና» ማለት ሊኖርባት ነው። እሷ ቤት ደግሞ አባቷ የሚተኙት በልጇ አልጋ ላይ ነው፤ ልጅቷ በእናትና አባቷ ክፍል መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፎላት አሥር ቀን ታድራለች፤ ነገ የሒሳብ ፈተና አለባት፤ ባሏ ደግሞ ባለፈው ተራ መጨረሻ ላይ ምንም ሳይናገር የመታጠቢያ ቤቱን በር ትንሽ ጠንከር አድርጎ ዘግቶ ነበር። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበችው። ከዚያ አባቷ ወደ ወንድሟ እንደሚሄዱ በገዛ ጆሮዋ መስማቷን አስታወሰች፤ ልቧም ረጋ አለ። የክኒኑን ከረጢት መያዣው ላይ አንጠልጥላ፣ እንደ ሌባ በጫማዋ ጫፍ እየረገጠች ከግቢው ወጣች።

ማስመሪያ የሚለውን ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ገና ሦስተኛ ክፍል ሳለች፣ አንድ ዳቦ በማስመሪያ ለክታ ለሦስት ስትከፍል ያያት ቀን። ስሙ አብሯት አደገ፤ ሥራዋም ከስሙ አልራቀም። ዛሬ በየቤቱ እየዞረች መጠይቅ ታስሞላለች። ያለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ እናታቸው ስትሞት፣ አባታቸው የሚኖሩበት የኪራይ ቤት ተለቀቀ፤ ሦስቱ ልጆችም በታላቅየው ሳሎን ተሰበሰቡ። ታላቅየው የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው፤ ሲናገር እንኳ አንቀጽ የሚጠቅስ ይመስላል። የዚያን ቀን ግን እሱም አልተናገረም። ለሁለት ሰዓት ያህል ዝም ተባባሉ። አባታቸው በረንዳ ላይ ነበሩ። ዝምታውን ያልቻለችው ማስመሪያ ከቦርሳዋ ወረቀትና ማስመሪያ አወጣች። በታላቅየው መሥሪያ ቤት የፈረንጆች ቀን መቁጠሪያ፣ ሠላሳ ለሦስት፣ አሥር አሥር። ከአንድ እስከ አሥር ታላቅየው፣ ከአሥራ አንድ እስከ ሃያ እሷ፣ ከሃያ አንድ እስከ ሠላሳ ልብስ ሰፊዋ። ሦስት ቅጂ ሠርታ አደለች። አንዱ በታላቅየው ማቀዝቀዣ ላይ፣ አንዱ በእሷ ቁም ሳጥን በር ውስጥ፣ አንዱ ከስፌት መኪናው በላይ ተለጠፈ። አባታቸው ከበረንዳ ሲገቡ አሳየቻቸው። አርባ ዓመት የከተማ አውቶቡሶችን ስምሪት የተቆጣጠሩ ሰው ናቸው፤ ሰንጠረዥ ሲያዩ ዓይናቸው ይበራል። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩትና «ንጹህ ሥራ ነው» አሉ። ሌላ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

የፈረንጆች ሁለተኛው ወር ሃያ ስምንት ቀን ሲሆን ታላቅየው ስልክ ደውሎ ቀልዶ ነበር፤ «ታናሽየዋ ሁለት ቀን አተረፈችብን፣ ይጻፍልን!» ብሎ። የጎደለውን ሁሉም አየ። የተረፈውን ማንም አላየም።

ከእህቷ ግቢ በወጣችበት በዚያው ጠዋት መጠይቅ ያስሞላችበት የመጀመሪያው ቤት ከጋራዥ ጀርባ ያለ ሁለት ክፍል ነበር። ጥናቱ ስለ ቤተሰብ ነው። ለመረጃ ሰብሳቢዎቹ በተሰጠው የሦስት ቀን ሥልጠና ላይ አንድ ሸበቶ ፕሮፌሰር ቤተሰብን ከሰው አካል ጋር አመሳስለው አስተምረው ነበር፤ ኅብረተሰቡ ሰውነት ነው፣ ቤተሰብ ልቡ፣ እያንዳንዱም አባል የየራሱ ተግባር አለው። በማግስቱ የመጣችው ወጣት መምህርት ደግሞ «ልብ የምትሉትን ተዉትና ዕቃ ማን እንደሚያጥብ ጠይቁ» ብላ ጀመረች፤ ሰው ማዘዝንም መታዘዝንም የሚማረው እቤቱ ነው አለች። ማስመሪያ ሁለቱንም በንጹህ ደብተር ጽፋለች። ለእሷ ከሁለቱም የበለጠው በመመሪያው ገጽ አራት ላይ ያለው ፍቺ ነበር፤ ቤተሰብ ማለት ከአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩ፣ ከአንድ ድስት የሚበሉ፣ በዓመት ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር አብረው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ይህ የሚለካ ነገር ነው። የሚለካ ነገር ደግሞ አያጣላም ብላ ታምናለች።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መለሰላት።

«ትናንት ማታ እዚህ ቤት ያደረ ሰው ስንት ነው?»

«አምስት። ድመቷን ካልቆጠርሽ።»

«ድመቷ ኮድ የላትም ጌታዬ። ቤተሰብዎ ለእርስዎ የሚሰጠው ዋናው ጥቅም ምንድን ነው?»

«ያደክመኛል።»

«ድካም ጥቅም ነው እንዴ?»

«ታዲያ ባያደክመኝ ጠዋት ለምን እነሳለሁ? ለዚህ ኮድ አለሽ?»

ፈገግ አለች። ለጥያቄ አሥራ አራት ስድስት ኮዶች አሉ፤ ልጅ ማሳደግ፣ መጦር፣ ጥበቃ፣ ፍቅር፣ ገቢ፤ ስድስተኛው «ሌላ፣ ይገለጽ» ነው። ስድስትን ከበበችና «ያደክመኛል» ብላ ጻፈች። በአሥራ ሁለት ቀን ሥራ ውስጥ በዚያ መስመር ላይ ከጻፈቻቸው መልሶች ሁሉ ይህ ደስ አላት፤ ለምን ደስ እንዳላት ግን አልገባትም።

ሁለተኛው ቤት አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። የቤቱ እመቤት የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ባሏን፣ ራሷን፣ አራት ልጆቿን አስመዘገበች። ከመጋረጃው በስተጀርባ ሳል ተሰማ። «ሌላ ሰው አለ?» አለች ማስመሪያ። ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የባሌ እናት ናቸው። እሳቸው የኛ አይደሉም፤ ለሕክምና ነው የመጡት» አለች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስትጠየቅ የያዘችውን ሸሚዝ እንደገና ዘርግታ እንደገና አጠፈችው። «ሁለት ዓመት ይሆናቸዋል» አለች። ደንቡ ግልጽ ነው። ማስመሪያ ሰባተኛ መስመር ላይ ጻፈቻቸው። ከመጋረጃው ኋላ የደከመ ድምፅ መጣ።

«ጻፈችኝ?»

«ጽፌዎታለሁ እማማ።»

«ስንተኛ ነኝ?»

«ሰባተኛ።»

«ይሁን። መጨረሻም ቢሆን ይሁን።»

ወደ መንገዱ ስትወጣ ፀሐዩ በርትቷል። ከአንድ የሱቅ ግድግዳ ጥላ ሥር ቆማ ቅጹን አጣራች፤ ሁልጊዜ ታጣራለች። የባልየው ዕድሜ፣ የልጆቹ ክፍል፣ ሰባተኛው መስመር። ያን ጊዜ ነው ሒሳቡ ሳትፈልገው በጭንቅላቷ የመጣው። በወር አሥር ቀን በአንድ ቤት። በዓመት አራት ወር። በሦስቱም ቤት አራት አራት ወር። ስድስት ወር የትም አይሞላም። ይህ ጥናት የሦስቱንም ልጆች ቤት ቢያንኳኳ አባቷ በአንዱም ላይ አይጻፉም። በሌላ ሰው መጋረጃ ኋላ ያሉ ሴት ሰባተኛ ሆነዋል፤ የእሷ አባት ግን ቁጥር የላቸውም። ይህን ያደረገው ደግሞ ማንም አይደለም፤ በማስመሪያ የተሠመረ ንጹህ ወረቀት ነው። መመሪያውን ከቦርሳዋ አውጥታ ግርጌ ማስታወሻውን ፈለገች። በተለያዩ ቤቶች እኩል የሚኖር ሰው ካጋጠመ ትናንት ማታ ባደረበት ቤት ይመዝገብ ይላል። ማታ ወንድሟ ቤት ነው የሚያድሩት፤ ስለዚህ ነገ ቢቆጠሩ እዚያ ናቸው ብላ መጽሐፉን አጠፈች።

ምሳ ሰዓት ላይ መረጃ ሰብሳቢዎቹ በአንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ይገናኛሉ። ሻዩ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ዋጋ ጨምሯል፤ ብርጭቆው ግን ቀንሷል፤ ይህን በየቀኑ የሚያነሳው ባልደረባዋ ኤክስፕረስ ነው። ኤክስፕረስ የተባለው አንድ ሰዓት የሚፈጀውን መጠይቅ በሃያ ደቂቃ ስለሚጨርስ ነው፤ ተቆጣጣሪው በእሱ ምክንያት ፀጉሩን ነጭቷል ይባላል። የዘመድ ቤት መጠየቅ ስለማይፈቀድ የታላቅ ወንድሟ ሰፈር የደረሰው ለእሱ ነው።

«ወንድምሽን ዛሬ ጠዋት ጨርሻቸዋለሁ» አላት ዳቦውን እየቆረሰ። «ቤተሰብ ማለት አራት ሰው። አጭር፣ ግልጽ፣ እንደ ኢንሹራንስ ውል። ጥያቄ አሥራ አራት ላይ ምን አሉ መሰለሽ? 'መጦር' አሉ። ከልባቸው ነው የተናገሩት፣ ዓይናቸው ሁሉ እንባ አቀረረ።»

«አባቴ የሉም እዚያ?»

«አባትሽ? ጠይቄያቸዋለሁ፤ ፈጣን ነኝ እንጂ ሰነፍ አይደለሁም። 'አባቴ ከእህቶቼ ጋር ነው የሚኖረው፣ ነገ ነው የሚመጣው' አሉኝ።»

ማስመሪያ ሻዩን ሳትጨርስ ወጣች። ጠዋት ሻንጣው በሩ አጠገብ ነበር። ከእህቷ ቤት እስከ ወንድሟ ቤት በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ነው፤ አባቷ ቢያዘግሙ አንድ ሰዓት። አሁን ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከሻይ ቤቱ ደጃፍ ቆማ ለወንድሟ ደወለች። «ወንድም ጋሼ፣ አባዬ ደረሰ እንዴ?» አለችው። «ደረሰ ማለት? ዛሬ ሠላሳ አንድ ነው እኮ። ነገ አራት ሰዓት ነው የሚመጣው። እንደ ወትሮው፣ አንድ ደቂቃ አያሳልፍም፤ ስምሪት ነው!» ሳቀ። «ባለፈው ሠላሳ አንድስ የት ነበር?» አለችው። ከመስመሩ ማዶ የሌላ ሠራተኛ መተየቢያ ሲንኳኳ ይሰማታል። «ታናሽየዋ ጋ ነዋ» አለ በመጨረሻ። «የት ሊሆን ነው?» ለእህቷ ደወለች። የስፌት መኪናው አልቆመም። «ወንድም ጋሼ ጋ ነው የሚሄደው እትዬ። ሠላሳ አንድ በሆነ ቁጥር አንድ ቀን ቀድሞ ይሄዳል፤ ራሱ ነው የነገረኝ። ምነው? ምን ሆነ?» ምንም አልሆነም አለቻት። ይህን ማለት የለመደ ምላስ ነበራት።

አባቷ በሰንጠረዡ መኖር ከጀመሩ ወዲህ ከዛሬው ሌላ ሦስት ሠላሳ አንዶች አልፈዋል። ሦስት ሌሊቶች። የመጀመሪያው በብርድ ጊዜ ነበር፤ የዚያን ወር ልጇ ጉንፋን ይዟት ስለነበር በደንብ ታስታውሰዋለች። አባቷ ስልክ አይዙም፤ «አርባ ዓመት ስልክ ሲጮህብኝ ኖሬያለሁ» ብለው እምቢ ካሉ ቆይተዋል። ማስመሪያ እንደ ሥራዋ ለማሰብ ሞከረች። ሽማግሌ፣ ሻንጣ ያለው፣ አንድ ሌሊት የሚያድርበት፣ ማንም ማን ነህ የማይለው ቦታ። የድሮው መሥሪያ ቤታቸው ሊሆን ይችላል፤ ግን ጋራዡ ፈርሶ ሕንፃ ተሠርቶበታል። ማደሪያ ቤት ሊከራዩ ይችላሉ፤ ግን ደብዳቤ ለመላክ እንኳ ቴምብር የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ድንገት የወንድሟን ሚስት አስታወሰችና ደወለችላት። «ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ አባዬ ሲመጣ የምታስተውይው ነገር አለ?» ብላ ጠየቀቻት፤ ጥያቄው ለራሷም ከመጠይቁ የተቆረጠ መሰላት። የወንድሟ ሚስት አልገረማትም። «ልብሳቸው ነዋ! ሁልጊዜ ባይሆንም አንዳንድ ወር የሐኪም ቤት ይሸታል። ያ የወለል መጥረጊያ መድኃኒት። ታናሽየዋ ዘንድ በምን እንደሚታጠብ እንጃ፤ ሲመጡ ሁሉንም አንድ ላይ እዘፈዝፈዋለሁ። ቅር እንዳትሰኝ ብዬ ተናግሬም አላውቅ።»

ሆስፒታሉ ሁለት አውቶቡስ ይፈጃል። ሁለተኛው ላይ መቀመጫ አልነበረም፤ የብረት መያዣውን ጨብጣ ቆማ ሄደች። እናቷ እዚያ አርባ ሦስት ቀን ተኝታ ነበር። ያን ጊዜም ተራ ነበራቸው፤ ያን ጊዜም የጻፈችው እሷ ነበረች፤ ግን ወረቀቱ አልሠራም፣ ምክንያቱም አባቷ የማንም ተራ ሲሆን አይነሱም ነበር። አርባ ሦስት ሌሊት በአስታማሚዎች አዳራሽ አግዳሚ ወንበር ላይ አደሩ። እናቷ ያረፈች ዕለት ነርሷ የእናቷን መነጽር በወረቀት ጠቅልላ ለማስመሪያ ስትሰጣት፣ ደጃፉ ላይ የቆመው ዘበኛ ገና ተረኛውን ቀይሮ መግባቱ ነበር፤ አላየም፣ መሞቷንም አልሰማም።

ያው ዘበኛ ዛሬም በሩ ላይ ነው። ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ አያት። «ኧረ አንቺ ልጅ! ጠፋሽ እኮ። እናትሽ እንዴት ናቸው? ተሻላቸው?»

ማስመሪያ ጥያቄውን በጥያቄ መለሰች። «አባቴ ምን አሉህ?»

«ጋሽ ስምሪት? 'ትንሽ ሲሻላት ትወጣለች፣ ሲብስባት ትገባለች' ነው የሚሉኝ። ወር መጨረሻ ላይ ነው የሚብስባቸው አይደል? አንዳንዴ ደግሞ አንድ ወር ይዘልላሉ። ያን ጊዜ፣ ተመስገን፣ የዚህን ወር ተሽሏቸዋል ማለት ነው እላለሁ በሆዴ።» እጁን ዘርግቶ አሳለፋት። «ግቢ ግቢ፣ ከጠዋት ጀምረው ውስጥ ናቸው። እሳቸው ባይመጡ ይኼ አዳራሽ ገበያ ነው።»

አዳራሹ እንደ ነበረ ነው። ከግማሽ በታች አረንጓዴ፣ ከግማሽ በላይ ነጭ የነበረ ግድግዳ፤ በሰው ትከሻ ቁመት ልክ የተላላጠ። ያ ሽታ። በየአግዳሚው ሥር ፔርሙዝ፣ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ፣ በፌስታል የታሰረ ስንቅ። ማስመሪያ ከምሰሶው አጠገብ ቆመች፤ መደበቋ አልነበረም፣ እግሯ ነው የቆመው። አባቷን ቶሎ አየቻቸው። በደረጃው ሥር ባለች ወንበር አጠገብ ቆመዋል፤ ደብተር በግራ እጃቸው፣ እርሳስ ከጆሯቸው ኋላ፤ ሻንጣቸው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ክፍል በሽተኛ መጠየቂያ ሁለት ካርድ ብቻ ይሰጣል፤ በእናቷ ጊዜ ሰዎች በካርዱ ሲጣሉ፣ አንድ ጊዜም ሲደባደቡ አይታለች። አሁን ማንም አይጣላም። «ቁጥር ሰባት፣ ውጡ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ሞልቷል። ቁጥር ስምንት፣ ይግቡ። እርስዎ ሁለተኛ ፎቅ ነዎት፤ ሊፍቱ ተበላሽቷል፣ በስተቀኝ ያለውን ደረጃ ይያዙ።» ድምፃቸው የድሮው ድምፅ ነበር፤ ልጅ ሳለች የአውቶቡስ ጣቢያ ምሳ ስታደርስላቸው የምትሰማው፣ ጎርነን ያለው፣ ሾፌር ሁሉ የሚፈራው። በሦስቱ ቤቶች ውስጥ ይህን ድምፅ ከሰማች ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀረውም። በእሷ ቤት አባቷ የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው፤ ውኃ ሲቀዱ እንኳ ቧንቧውን በግማሽ ነው የሚከፍቱት።

አንዲት ነጠላ ጫማ ያደረገች ሴት በፔርሙዝ ክዳን ሻይ ቀድታ አቀበለቻቸው። «አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ እግርዎ ያብጣል።» «ቁጥር ዘጠኝ ሲገባ» አሉ። ሻዩን ሲቀበሉ ቀና አሉና ልጃቸውን ከምሰሶው አጠገብ አዩ። አልደነገጡም። የሰዓታቸውን መስታወት በአውራ ጣታቸው ወለወሉት፤ ሰው የዘገየ አውቶቡስ ሲመጣ እንደሚያደርገው።

«ማን ነገረሽ?» አሉ፣ ስትጠጋቸው።

«ልብስህ።»

«አይ ልብስ!» አሉ። «አየር ላይ አንድ ሰዓት አሰጣዋለሁ፣ አይለቅም።»

ብዙ ነገር ልትል አስባ ነበር በአውቶቡስ ውስጥ። ከዚያ ሁሉ የተረፈው አንድ ቃል ነው። «ለምን?»

«ምን ለምን?»

«ለምን አልነገርከንም? አንድ ቀን ተረሳ፣ ሠላሳ አንድ የለበትም ብትለኝ ምን ነበረበት?»

አባቷ ደብተራቸውን አጠፉ። «የመጀመሪያው ቀን ነው ያየሁት፤ ያኔ ሳሎን ውስጥ። አርባ ዓመት ስምሪት ሠርቼ ይኼ ያመልጠኛል?» ድምፃቸው አሁን ወደ ሹክሹክታው ወርዷል። «እናታችሁ ከሞተች ወዲህ ሦስታችሁ ሳትጣሉ የተስማማችሁበት ነገር ቢኖር ያ ወረቀት ብቻ ነው። አንድ ቀን ልጨምርበት ብል ለሦስት አይካፈልም። እንደገና ትሰበሰባላችሁ፤ እንደገና ሁለት ሰዓት ዝም ትባባላላችሁ፤ እኔም እንደገና በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። በረንዳው ደግሞ ይበርዳል ልጄ።»

ማስመሪያ መሬቱን አየች። የሲሚንቶው ስንጥቅ ከእግሯ ሥር ተነስቶ እስከ አባቷ ጫማ ይሄዳል፤ ጫማው የተወለወለ ነው። ጠዋት በቆርቆሮው በር ደጅ ቆማ እንደነበር ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ ከዚያ አባቷ ከኮታቸው ኪስ የክኒኑን ከረጢት አወጡና አንዷን ክኒን በሻዩ ዋጡ። «ይኼን በር ላይ ማን እንዳንጠለጠለው አላወቀም እንዳትይ» አሉ። «እርምጃሽን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆነሽም በጫማሽ ጫፍ ነበር የምትሄጂው፣ ጥፋት ስታጠፊ።» ይህን ያሉት ሳይቆጡ ነው። እሷም ቁጣውን ብታገኘው ይሻላት ነበር።

«ተነስ እንሂድ» አለች። «ሠላሳ አንድ የኔ ይሁን። አሁን እጽፈዋለሁ፤ ለሁለቱም ልኬ አስተካክላለሁ።» ቦርሳዋን ከፍታ እስክሪብቶ ፈለገች። የሥራዋ ቅጾች፣ መመሪያው፣ ማስመሪያዋ፣ ሁሉም አንድ ላይ እጇ ውስጥ ገቡ። አባቷ እጃቸውን በእጇ ላይ አሳረፉ።

«አትጻፊው።»

«ለምን?»

«ከጻፍሽው ተራ ይሆናል። ተራ ደግሞ ያልቃል።» የደረጃውን በር አዩ፤ ቁጥር ስምንት ገና አልወረደም። «ሠላሳውን ቀን የሰው አልጋ ላይ ነው የምተኛው። የልጅሽን አልጋ አውቃለሁ፤ ፍራሹ ሥር ደብተሯን ትደብቃለች፣ ወገቤ ላይ ይቆረቁረኛል፤ አላነሳውም። ይኼ አንዱ ቀን ግን የኔ ነው። እዚህ 'ባይመጡ ኖሮ' የሚለኝ ሰው አለ። ውሰጂኝ ካልሽ እሄዳለሁ፤ እምቢ ብዬ አላውቅም። ግን በወረቀት አትውሰጂብኝ።»

ምን ላድርግ ታዲያ ብላ ጠየቀች። እንጃ አሉ፤ እንጃ ማለታቸው እውነት ነበር። ለዚያች ነጠላ ጫማ ላደረገችው ሴት፣ ልጇ ከቀዶ ጥገና እስኪወጣ አብረዋት ለመቆየት ቃል ገብተዋል፤ ሐኪሙ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ብሏል፤ ከዚያ በፊት የትም አይሄዱም። ይህን ካሉ በኋላ ፊታቸውን አዙረው «ቁጥር ስምንት! ሰዓት ሞላ!» ብለው ተጣሩ፤ አዳራሹ ሁሉ ቀና አለ።

ማስመሪያ ስልኳን አወጣች። ተቆጣጣሪዋ ሁለት ጊዜ ደውሏል፤ ሦስተኛው ቤት አልተሞላም። ወንድሟ አንድ ጊዜ ደውሏል፤ እህቷ አራት ጊዜ። ለባሏ ብቻ ጻፈችለት፤ አባዬ ጋ ነኝ፣ እራት አትጠብቁኝ አለች። ከዚያ ስልኩን ዘጋችው። ድካሙ የመጣው ያን ጊዜ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ከኋላዋ ሲከተላት ቆይቶ አሁን የደረሰባት ይመስል፣ ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ማጅራቷ። መቀመጫ ፈለገች። አግዳሚዎቹ ሁሉ ሞልተዋል። አባቷ ዘወር ብለው አዩዋት። ሻንጣቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱና መሬት ላይ፣ ከእግራቸው አጠገብ አስቀመጡት። ወንበሩን በመዳፋቸው ጠረግ አደረጉት።

ተቀመጠች። ሴትዮዋ ከፔርሙዙ ቀድታ በዚያው በክዳኑ ሻይ ሰጠቻት፤ አልጣፈጠም፣ ግን ትኩስ ነው። ከውጭ አንድ አዲስ ሰው ገባ፤ ጎልማሳ፣ በእጁ የተጠቀለለ ፍራሽ የያዘ፣ ዓይኑ ማን ዘንድ እንደሚሄድ የማያውቅ። አባቷ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ኋላ አወጡ፤ «አሥራ ሦስተኛ ነህ፣ አይዞህ፣ ዛሬ ይደርስሃል» አሉት። ሰውየው ፍራሹን አስቀምጦ ተነፈሰ። ከዚያ አስታማሚ ሁሉ እንደሚጠያየቀው፣ ወደ ማስመሪያና ወደ ሽማግሌው እየተመለከተ ጠየቀ።

«እናንተስ? ማን ታሞባችሁ ነው?»

ማስመሪያ አባቷን አየች። አባቷ ሰዓታቸውን ያያሉ።

«እኛ» አለች፣ ሻዩን በሁለት እጇ ይዛ፣ «እኛ አብረን ነን።»